ፍሬን ብቻ ያጣል

ቢቸና ውስጥ የተጋጨ መኪና በስልክ አይቶ በርካሽ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው መካኒክ ዘንድ አይደለም፤ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ ነው። መሪጌታ መኪና መንዳት አይችሉም። የሞተር ክዳን ከፍተውም አያውቁም። የሚያውቁት ቅኔ ነው። የመኪና ማስታወቂያ ደግሞ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ያው ቅኔ ነው፤ ሰሙ ለገዢ፣ ወርቁ ለሻጭ።

ጎረቤታቸው ምንይሉ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣ። ፊቷ የተጨፈለቀ ሚኒባስ ናት፤ «ትንሽ የተነካች፣ ዛሬ ብቻ» ይላል ጽሑፉ። መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«የተነካችው ትንሽ ከሆነ ሰውየው ራሱ ነካ ያደርገዋል፤ በዚህ ዋጋ ጤነኛ አይሸጥም» አሉ። «‹ዛሬ ብቻ› ያለህም ነገ እንዳታገኘው ነው።»

ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው አሰፉት። «መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ ይቺ መኪና ያገራችንን መንገድ ረግጣው አታውቅም። ሞጣ ቆማለች ይላል፣ ከኋላዋ ያለው ግን ባሕር ነው። ሞጣ ላይ ባሕር የገባው መቼ ነው?»

ምንይሉ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለፋሲካ ዶሮ ይዞላቸው መጣ።

እንዲህ እያሉ ብዙ ሰው አዳኑ። «ሳታያት አትክፈል» ይላሉ። «ማስያዣ ላክ ካለህ የምትያዘው አንተ ነህ» ይላሉ። አባባሉ ከአፋቸው ወጥቶ ገበያው ሁሉ ይደግመው ጀመር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለሌላ ሰው ይመስላቸው ነበር።

ሚስታቸው ስርጉት ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ከገበሬው ትሰበስብና በየሳምንቱ ሞጣ ትወስዳለች። ጆንያዋን ከሚኒባስ ጣሪያ ለማስጫን ከረዳቱ ጋር መጨቃጨቅ ነው፤ ረዳቱ መንገደኛው በጆንያው ሽታ ተማረረ ይላል፣ ራሱ ግን ምሳውን በነጭ ሽንኩርት በልቶ ነው የሚመጣው። ስርጉትን ይህ መረራት። አዲስ መኪና የሚታሰብ አይደለም፤ የተጋጨች ፒክአፕ ገዝቶ ማሠራት ግን ይቻላል ተባለ። አንድ ጠዋት እናቷ ያወረሷትን የአንገት ወርቅ አወለቀች፣ ጉትቻውንም ጨመረችበት፣ ሸጠችና ገንዘቡን ለባሏ ሰጠች።

«መኪና የሚያነቡት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

መሪጌታ ያንን አደራ ቀላል አድርገው አላዩትም። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ይመረምራሉ። ያዩትን ሁሉ ሲጥሉ ከርመው፣ በመጨረሻ አንዲት አረንጓዴ ፒክአፕ አገኙ። መሪዋ በግራ ነው። ታርጋዋ ይነበባል። ከኋላዋ የሚታየው የመስጊድ ሚናራ የሞጣው ለመሆኑ ስርጉትም መሰከረች። ዋጋዋ ግን ከሚገባው በታች ነው፤ ሻጩም ሌላ ገዢ ስላለ ማስያዣ ቶሎ ይላክ ብሏል። መሪጌታ ይህን ሲያዩ ፈገግ አሉና ጻፉለት፦ «ሰሙ ደኅና ነው። ወርቁ ግን ገና አልታየኝም። መጥቼ ልያት።»

ሻጩ ወዲያው መለሰ። «አባቴ፣ የቅኔ ሰው ነዎት እንዴ? እኔም የቅኔ ቤት ልጅ ነበርኩ፤ ችግር ነው ያወጣኝ» አለ። ከሥር እንዲህ የሚል ግጥም አስከተለ፦

ሞተሯም ጤና ነው አካሏም ወገኔ፣
ፍሬን ብቻ ያጣል የገዛት ከእኔ።

«ይበል!» አሉ መሪጌታ፣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው።

«ምን ይበል?» አለች ስርጉት ከጓዳ።

በ«ይበል» እና በ«ይብላ» መካከል ያለው ርቀት ያን ጊዜ አልታያቸውም። ስርጉትን ጠርተው ግጥሙን ይፈቱላት ጀመር። «ኅብረ ቃሉ ‹ፍሬን› የሚለው ነው። ሰሙ የመኪናዋ ፍሬን ነው፤ እሱ ብቻ ነው የጎደላት። ወርቁ ደግሞ ፍሬ ነው። መኪና ብሎ የጠራት ይቺን ዓለም ነው፤ ዓለምን ገዛሁ ያለ ሁሉ ፍሬዋን ያጣል። አየሽ የልጁን ትሕትና?»

«መጀመሪያ ሄደን ብናያትስ?»

«ጉድለቷን ሳይደብቅ የነገረን ሰው ምኑን እናየዋለን? ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይለምናል እንጂ አይሰርቅም» አሉ፣ በተማሪነታቸው የጎረቤት ዱባ ማታ ማታ ሲያነሡ የነበሩት ሰው።

«እንግዲህ እርስዎ ካነበቡት» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማስያዣውን ላኩ። በማግስቱ ስም ማዛወሪያ ተባለ፤ የቀረውን ሁሉ ላኩ። ገንዘቡ በአንድ አፍታ ሄደ፤ ለግጥሙ አጸፋ ለመቀኘት ግን እስከ ቀትር ደክመዋል። ሻጩም «ይበል» ብሎ መለሰላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ መሪጌታን ከመኪናዋ ይልቅ ያስደሰታቸው ይህ ነው።

በተቀጠረው ቀን ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ሞጣ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ፣ ጉንደ ወይን ሲደርሱ፣ ለሻጩ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቅዳሴ ላይ ይሆናል አሉ። ሞጣ ሲደርሱ ሚናራውን ተከትለው ፎቶው ላይ ያለውን ግቢ አገኙት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አረንጓዴዋ ፒክአፕ ውስጥ ቆማለች። ልባቸው ቅቤ ጠጣ።

የግቢው ባለቤት ሐጂ አብዱልዋሂድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ወጥተው ሰላምታ ሰጧቸው፤ ስም ተለዋወጡ።

«መኪናዬን ልወስድ ነው የመጣሁ» አሉ መሪጌታ።

«የትኛዋን መኪና?»

«ይቺን።»

ሐጂ አብዱልዋሂድ መኪናዋን አዩ፣ እንግዳውን አዩ። አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። «ይግቡ መሪጌታ። ሻይ ይምጣልዎ» አሉ። «ከእርስዎ በፊት የመጡትም እንዲሁ ነው ያሉት። አንዱ ከመንገድ ላይ ፎቶ አንሥቷት እየሸጣት ነው። እኔ የምሸጠው መኪና የለኝም። ይቺ ልጄ የተረፈባት ናት፤ ገደል አፋፍ ላይ ነው የተጋጨችው።»

መሪጌታ ሻዩን ያዙት እንጂ አልጠጡትም። ሰው ተስፋውን ባንድ ጊዜ አይጥልም። «ፍሬን ብቻ ነው የጎደላት፣ አይደለም?» ብለው ጠየቁ።

«ፍሬኗማ ደኅና ነው። ልጄን ከገደል ያስቀረው እሱ አይደለም እንዴ? የተበላው ሞተሯ ነው።»

መሪጌታ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ፍሬኗ ደኅና ከሆነ ሰሙ ውሸት ነው። ሰሙ ሲወድቅ የሚቀረው ወርቁ ብቻ ነው። ግጥሙን በልባቸው እንደገና ከላይ ጀመሩት፤ «የገዛት ከእኔ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዓለምን ከማን ይገዟታል? «ከእኔ» ብሎ በግልጽ ጽፎ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ቃሏን ዘለው ያነበቧት። ሻጩ በወርቁ አልዋሻቸውም። ከእኔ የገዛ ፍሬውን ያጣል ብሎ ነግሯቸው ነው የወሰደው።

ከሁሉ የሚያናድደው ቅኔው ጥሩ መሆኑ ነበር። አፈሩ። ስርጉት ትዝ ስትላቸው ደግሞ ፈሩ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ሚስታቸውን ፈርተው አያውቁም።

«አላህ ይተካልዎ» አሉ ሐጂ አብዱልዋሂድ፣ እስከ መናኸሪያ ሸኝተዋቸው።

ቢቸና ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ስርጉት የነጭ ሽንኩርቱን ጆንያ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሰብስባ፣ ለመኪናዋ ማቆሚያ ግቢውን ጠርጋ፣ የአጥሩን በር ወለል አድርጋ ከፍታለች። ባሏን አየቻቸውና ዐይኗን ከኋላቸው ወዳለው መንገድ አሻገረች።

«መኪናዋስ?»

ተሰረቅን ማለት አንድ ቃል ነው። መሪጌታ ግን ያ ቃል ከአፋቸው አልወጣ አላቸው፤ ከሚያውቁት ነገር ጀመሩ።

«ያ ግጥም ትዝ ይልሻል? አሳስቼ ነው የፈታሁልሽ» አሉ። «ሰሙ ውሸት ነው፤ ፍሬኗ ደኅና ነው። ወርቁ ደግሞ... ወርቁ...»

ስርጉት ባዶ አንገቷን በእጇ ዳበሰች።

«ወርቁማ» አለች፣ «የእናቴ ነበር።»