ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር

በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የበቾ ቦሬ ሰፈር ሴቶች ያቋቋሙት የምንጣፍ ሠሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ፈለገ። እስክሪብቶ ይዤ ሄድኩ። የሥራ ኃላፊዋ፣ በአክብሮት አደ ከዲጃ የምንላቸው፣ ማጭድ አስያዙኝና ወደ ረግረጉ ይዘውኝ ወረዱ። "የማታውቂውን እንዴት ትጽፊዋለሽ?" አሉኝ።

ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። ምንጣፍ የሚሠራበት ፊላ የሚባለው የረግረግ ሣር ከቁመቴ በላይ ነው። ቡናማ ራስ ያወጣው ግንዱ ስለሚጠነክር ለምንጣፍ አይሆንም፤ የራሱ ጥጥ ግን ትራስ ይሞላል። የምናጭደው ራስ ያላወጣውን ነበር። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ሊሠራ ሲል ውሃ ይረጭበታል።

ይህን በሳምንት ተማርኩ። ሴቶቹ ሲያጭዱ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ጉቶ ይተዋሉ። እሱን ስንፍና ነው ብዬ አለፍኩት።

በሦስተኛው ዓመት ሰርቦ አጠገብ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ምንጣፍ ጠየቀን። ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በምንጣፍ ይሸፈናል። የጣቢያው ኃላፊ ለክቶ ምንጣፋችን አጠረ አለ። ከረዘመ በየዓመቱ ከእኛ ሊወስድ ቃል ገባ። አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፤ ሌላ ቋሚ ደንበኛ አልነበረንም።

አደ ከዲጃ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ አጋሮ ሄደው ነበር። ከውሃው ሥር ቁረጡ ብዬ አዘዝኩ። አንዷ "ማሎ፣ እባክሽ፣ እሳቸው ይምጡ" አለች። አልሰማኋትም። ምንጣፉ ረዘመ፤ ኃላፊው ተቀበለን።

በዓመቱ ስንወርድ ያጨድንበት ቦታ ባዶ ውሃ ሆኗል። አደ ከዲጃ እጃቸውን ሰደው አንድ ሥር አወጡ። በስብሶ ይሟልጫል። ማን እንዳዘዘ ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ።

"ፊላ የሚተነፍሰው በጉቶው ነው። አፉን ውሃ ውስጥ ደፈቅሽው" አሉ። ደግሞም፣ "አሥራ ሁለት ዓመት ሲያስተምሩሽ ዋና አላሳዩሽም?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሥራውን ልልቀቅ አልኳቸው። አደ ከዲጃ ዶማ ሰጡኝ።

ዳር ዳር ያልነካነው ፊላ ነበር። ከእሱ ቡቃያ ያለው ሥር እየቆፈርን፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ጭቃ ውስጥ በየክንዱ ተከልን። ማንም እንዳያጭድበት ተስማማን። ለዚያ ዓመት ትእዛዝ ከዳር ያገኘነው አጭር ፊላ ብቻ ስለነበር፣ ሁለት ሁለት ምንጣፍ በቃጫ ክር ቀጥለን ወሰድን።

ለኃላፊው የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ምንጣፉን ገልብጦ ስፌቱን አየ።

"መቀጠል ከተቻለ አምናስ ለምን አልቀጠላችሁም?"

ምንጣፉን ግን ወሰደ።

አንዱ ሥር ብዙ ቡቃያ አወጣ። በሁለተኛው ክረምት ማግስት ባዶው ቦታ ሞልቶ አገኘነው። አደ ከዲጃ "አልሐምዱሊላህ" አሉና የመጀመሪያውን እንዳጭድ ማጭዱን አቀበሉኝ። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው የተውኩትን ጉቶ በስንዝር ለኩ።

ከዚያ በኋላም በማኅበሩ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ለአዲስ ገቢ መጀመሪያ የማሳየው ጉቶውን ነበር። ፊላ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ተትቶ ይታጨዳል። ምንጣፍ ካጠረ በክር ይቀጠላል።