ጭነትም ይጠየቃል

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በየከተማው ቆመው ጭነታቸውን ይዞሩና ገመዱን ሳብ እያደረጉ እንደ ሰው “ደህና ነህ ወይ?” ይሉታል። ስንስቅባቸው “ጭነትም ይጠየቃል” ይሉናል።

የሆሳዕና መንገድ ገና ጠጠር ሳለ፣ ያገለገለች ትልቅ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከባሕር ዳር ወደ አርባ ምንጭ ሲወስዱ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ሆሳዕና ስንቆም ገበያተኛው ከበበን።

“ውሃው የት አለና ነው?” አሉ አንዲት ከአንጋጫ የመጡ እናት።

ሁሉም ሳቀ። ጋሼ ግን ጀልባዋን “ደህና ነሽ ወይ?” እያሉ ሲዞሩ ቀጥ አሉ። የኋላው ገመድ በብረቱ ጠርዝ ተበልቶ ሊበጠስ ደርሷል፤ ከፊታችን ደግሞ ቁልቁለት ነበር። ያ የሚስቅ ገበያተኛ ጀልባዋን ደግፎ ያዘልንና ገመዱን ቀየርን። አርባ ምንጭ ደርሳ ውሃው ላይ ስትቀመጥ ጋሼ ጎኗን መታ መታ አደረጉና “እፎይ በይ፤ ደርሰሻል” አሏት።

በመጨረሻ ዘመናቸው ጋሼን ሕመም አሰቃያቸው። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ጠዋት ጠዋት ትራሱን እያስተካከሉ “ደህና ነህ ወይ?” ይሏቸው ነበር። መኪናው ይቆምበት የነበረው፣ ዘይት የጠጣው ደጃፋችን ዛሬ ባዶ ነው። እኔ ግን ስቃያቸው አብቅቶ ያረፉ ዕለት ትንፋሼ ተመለሰ። ነርሷ የግሉኮሱን ቱቦ ስትነቅል እትዬ አላለቀሱም። የጋሼን እጅ መታ መታ አደረጉና “እፎይ በል” አሏቸው፤ “ደርሰሃል።”