የአሜሪካ እሳትና የኮሶበር ክምር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት በማለዳ ነው። የጋዜጣችን አዘጋጅ የሰጠኝ ሥራ አጭር ነበር። በአሜሪካ ከተሞች መኪና ሲቃጠልና መስታወት ሲሰበር በየስልኩ ይታያል፤ የአዊ ሰው ይህን የኃያሏ አገር ውድቀት ምልክት አድርጎ ያየዋል ወይ? ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ጉዳዬን ሰምታ ሳቀች።

«ተዘግቶ የከረመው የእኛ መንገድ ገና አሁን ተከፍቶ፣ አንተ የእነሱን ትጠይቃለህ?»

ጥያቄዋን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት።

ዳንግላ

ከመናኸሪያ ወደ ገበያው የወሰደኝን ባለጋሪ ጠየቅሁት። ፈረሱን ቸብ አድርጎ፣ «የእህቴ ልጅ ዘንድሮም ዲቪ ሞልታለች» አለኝ። «የሚፈርስ ቤት ለመግባት ማን ይሰለፋል?» አባባሉን ወደድሁት፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ሽሮ በልቼ ጉዞዬን ቀጠልሁ።

ኮሶበር

እንጅባራን ነዋሪው ዛሬም ኮሶበር ይላታል። ጉም ወርዶ ይበርዳል። በባጃጅ ከከተማው ዳር ወረድሁ። እዚያ አለኸኝ የሚባል ገበሬና ሚስቱ እንዬ ከሰል ያከስላሉ። ለዓመታት ያሳደጉትን የግራር ዛፍ ቆርጠው ከምረውታል፤ በሣርና በአፈር የተደፈነው ክምር ቀጭን ጭስ ያወጣል።

«አየር ከገባው አመድ ነው» አለችኝ እንዬ። «የልጆቹ የዓመት ቀለብ እዚህ ውስጥ ነው።» እንስራዋን አንሥታ ወደ ምንጭ ስትወርድ ባሏን አስጠነቀቀችው፤ «ክምሩን እንዳትለቅ!»

እሷ ገና ከደጁ ሳትርቅ ጥያቄዬን ለአለኸኝ አቀረብሁ።

«አለቀላት!» አለ። «በገዛ ከተማዋ የተነሣ እሳት የማታጠፋ አገር ምኑን ኃያል ሆነች?»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ አያ ሞላ ሰሙት። «ዝም በል አንተ! እሷ ስትነድ ስንት ዘመኗ? እኔ ልጅ ሳለሁም ነደደች ይሉ ነበር።»

«አያ ሞላ፣ ይምጡና ቪዲዮውን ላሳይዎት!»

ኔትወርክ የሚገኘው መንገዱ ዳር ብቻ ነው። ሁለቱ እየተነቋቆሩ ወጡ፤ እኔም መቅረጫዬን ይዤ ተከተልሁ። ስልኩ ላይ አንድ መኪና ይቃጠላል፤ ሰው ይጮኻል፤ ከዚያ ይቋረጣል። አለኸኝ ደግሞ ከፈተው። በዚህ መሐል የእንዬ ጩኸት ተሰማ።

«እሳት ወጣ! ኧረ ድረሱ!»

የክምሩ ጎን ተሰንጥቆ ነበልባል ወጥቷል። ቀድመው የደረሱት አያ ሞላ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ጥለው አፈር በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። አለኸኝ አካፋ አነሣ፤ እንዬ ውኃ ስትደፋበት እኔም አፈር ወረወርሁ። ነበልባሉ ተዳፈነ። አንዱ ጥግ አመድ ሆነ፤ ሌላው ተረፈ።

እንዬ ወደ ባሏ ዞረች። «በገዛ ቤቷ እሳት የማታጠፋ ምን ነበር ያልከው?»

አለኸኝ አንገቱን ደፋ። አያ ሞላ ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ «ተይው፣ እሳቱን አጥፍቷል፤ እሱ ገና አልወደቀም» አሉ። ከዚያም ሁለቱ ክርክሩን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ በዚህኛው ዙር ግን ከክምሩ ሥር ተቀምጠው።

ባሕር ዳር

ስመለስ ጫማዬ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ሁከት የውድቀት ምልክት መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ አልቻልሁም፤ በዘገባዬም እንደዚያው ጻፍሁት። አዘጋጃችን አንብቦ ሲያበቃ፣ «ታዲያ አሜሪካ ትወድቃለች ወይስ አትወድቅም?» አለኝ።

«ቪዲዮው እሳቱን ያሳያል» አልሁት። «አፈር ይዞ የሮጠ ሰው መኖር አለመኖሩን ሳያሳይ ይቋረጣል።»