ጋሽ በየነ ዘንድ የቀሩ ገጾች

መገናኛ፣ የአባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቆሎ ገዛሁ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ወገቤ ተቆርጧል፤ ሰልፉም ንቅንቅ አይልም። ሻጯ ቆሎውን በመጽሐፍ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። የትኩስ ገብስና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ቆሎውን ትቼ ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። ይሄን አመል ያስያዙኝ ጋሽ በየነ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።

የካ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታችን ነበሩ። ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ተቀነሱ። እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አልለመደም። የጉልት ሴቶች በርበሬ ሊጠቀልሉባቸው ያከማቿቸውን መጻሕፍት እየለመኑ ያመጣሉ፤ በመርፌ ሰፍተው፣ በዱቄት ሙጫ አጣብቀው፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ያለብሷቸዋል። ከዚያ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውሳሉ። ገና ሲገለጥ የሚያስነጥስ መጽሐፍ ካያችሁ የእሳቸው ነው።

አንድ ደንብ ነበራቸው። የመጽሐፉን መጨረሻ አይሰጡም። መጨረሻው አልጋ ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ነው ይሉናል፤ እኛ መጀመሪያ ግምታችንን ተናግረን፣ ተከራክረን፣ ተኳርፈን ስናበቃ እሳቸው እውነተኛውን ይተርካሉ። ስንቱን ክረምት ደጃቸው ላይ እንደዚያ አሳለፍነው!

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ግርማ ወደ ድንበሩ ጦርነት ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ደብዳቤው ተቋረጠ። እናቴ ከሬዲዮው ሥር አልነሳም አለች። በዚያ ሰሞን የተዋስኩት መጽሐፍ ላይ አንዲት እናት ወታደር ልጇን ልትቀበል አውቶቡስ ተራ ቆማለች። አውቶቡሱ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ፤ ገጹ አለቀ። መጽሐፉን ታቅፌ ጋሽ በየነ ዘንድ ሮጥኩ።

«ጋሽ በየነ፣ ልጁ ወረደ?»

እንደ ወትሯቸው «ምን ይመስልሻል?» አላሉኝም። ብሩሹን ሙጫው ውስጥ ትተው ትክ ብለው አዩኝ።

«ወርዷል» አሉ። «ሻንጣውን ይዞ ወርዷል።»

በረርኩና ለእናቴ ነገርኳት። ልብ ወለድ ነው ብላ አልናቀችውም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝና እንደገና ንገሪኝ አለችኝ። ያን ቀን እህል ቀመሰች።

ጦርነቱ አልቆ ከሰነበተ በኋላ የግርማ መርዶ መጣ። ጋሽ በየነ ድንኳኑ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔ ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ ያታለሉኝ መስሎኝ ነበር። መጽሐፋቸውን መዋስ ግን አልተውኩም፤ ብተወው የምይዘው አልነበረኝም።

ሲሞቱ ሣጥኑ ለእኔ እንዲሰጥ ተናዘው ኖሯል። ከፈትኩት። ወስፌ፣ ክርና የደረቀ ብሩሽ። አንድም ገጽ የለም። የጉልት ሴቶች ቅጠል የሚገነጥሉት ከኋላ በኩል እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። መጻሕፍቱ እሳቸው ዘንድ ሲደርሱም መጨረሻ አልነበራቸውም። የተረኩልንን ሁሉ ከሆዳቸው አውጥተው ነው፣ የዚያን ወታደር መውረድ ጭምር። ሣጥኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ታክሲው መጣ፤ አባዶ ስደርስ መሽቷል። ልጄ ያንን የሲሚንቶ ወረቀት የለበሰ መጽሐፍ ከመደርደሪያዬ አውርዳ፣ ታቅፋው በር ላይ ጠበቀችኝ። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም።

«እማ፣ ይሄ መጽሐፍ መጨረሻ የለውም። ልጁ ወረደ?»

ደክሞኛል። ለማስረዳትም አቅም አልነበረኝም።

«ወርዷል» አልኳት። «ሻንጣውን ይዞ።»