ሃያ ፍሬ በቆሎ

ዋና የማይችል ሰው የሐይቅ ጉዞ ሲያቅድ ማየት የፈለገ በዚያ ክረምት እኔን ማየት ነበረበት። ጋምቤላ ገና ክልል የሆነችበት ጊዜ ነው፤ ክልል አሥራ ሁለት ትባል ነበር። የየቢሮው ሰሌዳ ቀለሙ ሳይደርቅ ይቀየራል፤ ትናንት አብሮን ጠመኔ ይዞ የነበረ ሰው ዛሬ ኃላፊ ሆኖ ይመጣል። እኛን ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ሁለት ወር ሙሉ የሚያዘን አልነበረም።

ሦስት ነበርን፣ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን። የጂኦግራፊው መምህር እንደኔው የአቦቦ ሰፋሪ ልጅ ነው፤ በልጅነታችን ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነን የመጣን፣ እሱ የሙስሊም ቤት፣ እኔ የክርስቲያን ቤት ልጅ። የስፖርቱ መምህር አኙዋክ ነው። እናቱ ከፑኝዶ ወዲያ፣ በክረምት አንዱ ሐይቅ ከሌላው በሚገናኝበት አገር ይኖራሉ። እዚያ ድረስ በታንኳ፣ በየሐይቁ ዳር ድንኳን እየተከልን እንሂድ ያልነው እኔና የጂኦግራፊው ነን።

የስፖርቱ መምህር ምክንያት ሌላ ነበር። አራት ክረምት ለእናቱ "እመጣለሁ" ብሎ ልኮ አራቱንም ቀርቷል። አንዴ ስልጠና፣ አንዴ ወባ፣ ሁለቴ መንገድ።

"አሁን ከቀረሁ እናቴ ሌላ ቀን አታምንም" አለን። "እኔም ሌላ ቀን አልልክም። አፍራለሁ።"

ይህን እየሰማን፣ ልባችን ሸፍቶ ነበርና፣ ወዲያው ወደ ካርታው ተመለስን። የጂኦግራፊው መምህር ከትምህርት ቤቱ አትላስ ላይ የዝንብ ኩስ የምታክለውን ሰማያዊ ነጥብ በማስመሪያ አሳድጎ አንድ ሙሉ ማኒላ ወረቀት ሞላ። ያላወቀውን ከራሱ ጨመረ። አንዱን ሐይቅ በኔ ስም ሰየመልኝና ሳምንቱን ሙሉ ስኮራ ሰነበትኩ።

ድንኳኑን ከፑኝዶ ገበያ በመጣ ሸራ አሰፋን። ልብስ ሰፊው ለእህል መሸፈኛ መስሎት በአራት ማዕዘን ሰፍቶ ጠበቀን፤ ተጨቃጭቀን በር አስወጣንለት። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ስንተክለው ቀድማ የገባችው የአከራዬ ፍየል ናት። እሷን አስወጥተን ሦስታችን ገባን፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ተቀቀለ ድንች እንፋሎት እያወጣን ወጣን። አከራዬ ወገባቸውን ይዘው ሳቁብን። የስፖርቱ መምህር ድንኳኑን ዞር ዞር እያለ አየና ሸራውን ማጠፍ ጀመረ።

ከዚያ ልምምድ መጣ። ባዶ ክፍል ውስጥ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፈን በመጥረጊያ እንጨት አየሩን እንቀዝፋለን። የስፖርቱ መምህር ከፊት ቆሞ "ግራ፣ ቀኝ" ይላል። እኔ መስመጥን ፈርቼ ባዶ የዘይት ጀሪካን ጀርባዬ ላይ አስሬ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በመስኮት አይተው "መምህሮቹን ወባ አናታቸው ላይ ወጣባቸው" ብለው በየሰፈሩ አወሩ። ጀሪካኑን ግን አልፈታሁም።

እኔ የስንቅ ኃላፊ ነበርኩ። በደብተሬ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ክብሪት ብዬ ከጻፍኩ በኋላ፣ ምግብ በሚለው ሥር "ጠዋት ዓሣ፣ ቀን ዓሣ፣ ማታ ዓሣ" ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። መነሻችን ነሐሴ አንድ ነው። የስፖርቱ መምህር ለእናቱ ላከ፤ እሳቸውም ለእንግዶቻቸው ዓሣ ማድረቅ ጀምረዋል የሚል መልስ መጣ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እናቴን ልሰናበት አቦቦ ሄድኩ።

"ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" አለችኝ በመጀመሪያ። ቀጥላ "ስንቃችሁ ምንድን ነው?" አለች።

"ዓሣ ነዋ፣ እማ። ሐይቅ ላይ ሆነን ምን እንበላለን?"

በቆሎ ትፈለፍል ነበር፤ እጇን አቆመች።

"በፍልሰታ?"

ሕፃን ሳይቀር የሚጾመውን፣ በእኛ ቤት ዓሣ እንኳ የማይቀመስበትን ጾም፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን ያላጓደልኩትን፣ ረስቼዋለሁ። እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ቀጥላ ደግሞ ሳቋን ትታ ተቆጣችኝ።

በማግስቱ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። የጂኦግራፊው መምህር በደስታ መሬት ላይ ተንከባለለ። "እኔ ፍልሰታ የለብኝም፤ ያንተንም ድርሻ እበላልሃለሁ" አለኝ። የስፖርቱ መምህር ግን ፊቱ ጠቆረ።

"እኔ ልቅር፤ እናንተ ሂዱ" አልኩት። ከልቤ ነበር፤ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

"እናቴ ቤት አንድ እንግዳ ካልበላ ሌላውም እጁን አይሰድም" አለ። "ዓሣው መሐል ላይ ይቀመጣል። ሁሉም ያየዋል። እሷ አምስተኛ ጊዜ ታፍራለች።"

ተነሳና ከአቦቦ ካመጣሁት ጆንያ በቆሎ ዘገነ። ሃያ ፍሬ ቆጥሮ በጨርቅ ቋጠረ፤ አሥራ ስድስቱ ለጾሜና ለፍቺው፣ አራቱ ለመንገዳችን። በነጋታው ወደ ፑኝዶ ለሚሄድ ነጋዴ ሰጠና መልእክቱን አስጠናው፤ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ለዶሮ ይስጡ፤ ሃያኛዋን በሰጡበት ቀን ደጃቸው እንደርሳለን። እናቱ ማንበብ አይችሉም፤ በዚህ ግን ማንም አያታልላቸውም።

እንደዚያ ዓመት ፍልሰታ የረዘመብኝ ጾም የለም። ነሐሴ አሥራ ሰባት ጎህ ሲቀድ መኪና ላይ ነበርን፤ እኔ ከነጀሪካኔ፣ የጂኦግራፊው ከነካርታው። አቦቦን አልፈን ብዙ ሳንሄድ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ገፋን፣ ቅጠል አነጠፍን፣ ዘፈንን፤ እዚያው አደርን። እኔና የጂኦግራፊው በራሳችን ጭቃ ስንስቅ የስፖርቱ መምህር ጣቶቹን ይቆጥር ነበር። አንድ ቀን ጎድሎብን ነበር፤ ያን ጊዜ ሳቄን ተውኩ።

ፑኝዶ ላይ የስፖርቱ መምህር አጎት ታንኳ ጠበቀን። ከዚያ ወዲያ ካርታው አልሠራም፤ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ሜዳ ሁሉም አንድ ውሃ ሆኗል፣ በሣር አናት ላይ ነው የምንሄደው። ድንኳን የሚተከልበት አንድ ክንድ ደረቅ መሬት የለም። በየጉብታው ያሉ ዘመዶቹ ቤት አደርን።

"ይህን ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

"አልጠየቃችሁኝም። ደግሞ ደስ ብሏችሁ ነበር።"

ዝናብ ሲመጣ ድንኳኑን ተከናነብነው፤ ለዚያስ በጣም ጥሩ ነበር። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ጀሪካኔን አቅፌ ወፍ ባየሁ ቁጥር እጮሃለሁ። እሱ ግን ቆሞ፣ ረጅሙን እንጨት እየወጋ፣ አንዴም ሳያርፍ ይገፋል።

ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ደረስን። እናቱ ውሃው ዳር ቆመዋል፤ አንዲት ዶሮ እግራቸው ሥር ትዞራለች። ልጃቸው ከታንኳው ዘሎ እስከ ጉልበቱ እየገባ ሄደ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በቋንቋቸው ብዙ ተናገረ። ስለ ጭቃው፣ ስለ መኪናው መሆኑ ገብቶኛል። እሳቸው መዳፋቸውን ከፈቱ። አንዲት ፍሬ በቆሎ ነበረች።

"ምን አሉ?" አልኩት።

ወደኔ ዞሮ ተረጎመልኝ።

"'ትናንት ለዶሮዋ አልሰጠሁም' አለች። 'ይቺ እጄ ላይ ካለች ልጄ አልዘገየም።'"

ፍሬዋን ከእጃቸው ተቀብሎ ለዶሮዋ ወረወረላት። ቤት ገብተን የደረቀው ዓሣ መሐል ላይ ሲቀመጥ ሁሉም እኔን አየ። ማንም ሳይቀድመኝ እጄን ሰደድኩ።