ሎውሪ ገበያ ላይ ያቀፈችኝ ሴትዮ

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ስትጠመጠምብኝ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር። በአንዱ ጭልፋ፣ በሌላው የወረቀት ከረጢት ይዤ ለሌላ ደንበኛ ቆሎ እሰፍር ነበር። ፈረንጅ ናት፤ ስድሳ ዓመት ግድም የሚሆናት፣ ረጅም፣ ሽበቷን አንድ ጉንጉን አድርጋ ወደ ኋላ የጣለች። አላውቃትም። ተሳስታ ይሆናል፣ አሁን ትለቀኛለች ብዬ ዝም ብዬ ቆምኩ። አልለቀቀችኝም። እያለቀሰች መሆኑን ያወቅኩት ትከሻዬ ሲረጥብ ነው።

«እዚህ አገኝሻለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም!» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ከኦሪገን፣ ከባሕሩ ዳር መቼ መጣሽ?»

የምን ባሕር? የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ባሕር ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው፤ እሱንም ደመና ሸፍኖት። እሷ ትልቁን ከረጢት ቆሎ ገዛች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችኝ፣ ከዚያ ሄደች። አጠገቤ ኮክ የሚሸጠው ሰውዬ «ዘመድሽ ናት?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። አይደለችም ማለት ሲገባኝ አላውቅም ያልኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

በሥራ ቀናት ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ለእረፍት ሰዓቴ ይዤ የምሄደውን ቆሎ የሥራ ጓደኞቼ እየዘገኑ ጨረሱብኝ፤ «ይኼንን ሽጪው» ያሉኝም እነሱ ናቸው። በዚያው በጋ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሎውሪ ሰፈር በሚቆመው የገበሬዎች ገበያ ቦታ አገኘሁ። ባለቤቴ ጠዋት ድንኳኑን ተክሎልኝ፣ ጠረጴዛውን ዘርግቶልኝ፣ ከዚያ ኤርፖርት ሰው ሊያመላልስ ይሄዳል። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ቀላቅዬ እሸጣለሁ፤ በርበሬ የነካውም አለኝ። ደንበኞቼ «ወተት ይጨመርበታል?» ይሉኛል። መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ በኋላ ግን እኔም ግራ እየገባኝ «ከፈለጋችሁ ጨምሩበት» ማለት ጀመርኩ።

የዚያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ኦሪገን፣ ባሕር ዳር ላይ አግኝታኝ ነበር አለች።»

«ኦሪገን ሄደሽ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«አንተ ሄደህ ታውቃለህ?»

«እኔማ አልሄድኩም።»

«እንግዲያው እኔም አልሄድኩም።»

ጥቂት አሰበና «ለእነሱ ሁላችንም አንድ ነን» አለ። እውነቱን ነው ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ። ቢሆንም ያ እቅፍ ከውስጤ አልወጣ አለ። ሰው በስህተት እንደዚያ ያለቅሳል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ተዘጋጅቼ ጠብቄያት ስለነበር ገና ሳታቅፈኝ «እኔ አይደለሁም» አልኳት። ፈገግ አለች። «አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ነው ትያለሽ። አንቺ ግን አፍሽን ከፍተሽ ተናገርሽው።» «አይ፣ እኔ ከዚያ አይደለሁም» አልኳት። «ከኢትዮጵያ መሆንሽንማ አውቃለሁ» አለች። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል መጥፎ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ቆሜ የበሽተኛ ሁኔታ አስረዳበታለሁ። ለእሷ ግን የምለው ሁሉ ትሕትና ሆኖ ነው የሚሰማት። ብክድ ትሑት ሆንኩ፣ ዝም ብል አመንኩ ማለት ነው።

ሐምሌ ላይ እዚሁ አውሮራ ከተማ፣ ፓርክ ውስጥ ፌስቲቫል ነበር፤ እኔም ድንኳኔን ተክዬ እሸጣለሁ። እዚያም ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። «ያልኳችሁ ሴት ይቺ ናት» ብላ አሳየቻቸው። ሁለቱም ተራ በተራ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። ስላደረግሽው ነገር ይሉኛል። ምን አደረግኩ? መጠየቅ ፈራሁ። ጓደኞቿ ከሄዱ በኋላ ግን አላስቻለኝም።

«ያኔ ምን አልኩሽ?» አልኳት።

«ረሳሽው?» አለች። አልተቀየመችም። ከድንኳኔ ኋላ ገብታ፣ ዕቃ የማመጣበት ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ ነገረችኝ።

ኦሪገን ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ብቻዋን ትኖር ነበር። እናቷ እዚሁ አውሮራ ነበሩ፤ ተጣልተው ብዙ ዓመት አልተነጋገሩም። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የበጋ ቀን በከተማዋ ፌስቲቫል ላይ ስትዞር፣ ነጠላ የለበሰች ሴት እህል ቆልታ ስትሸጥ አየች። ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ሻጯም ዓይን ዓይኗን አይታ «ጎ ሆም» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ዩ ጎ ሆም!» አለቻት። እሷም ቤቷ ገብታ ስታለቅስ ዋለች፤ በሳምንቱ ዕቃዋን መኪና ላይ ጭና ወደ እናቷ ነዳች። ስትደርስ እናቷ ታመው፣ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። አስታመመቻቸው፣ ታረቁ፣ ባለፈው ጸደይ እጇ ላይ አረፉ።

«አንቺ ባትናገሪ ኖሮ ሞቷን በስልክ ነበር የምሰማው» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ እኔ አይደለሁም እንዴት ይባላል? ሶፍት ሰጠኋት። ለራሴም አንድ አነሳሁ።

ሰኞ ሥራ ቦታ ለጓደኛዬ አጫወትኳት። እሷ ጴንጤ ናት፤ ስለ ሃይማኖት ባንከራከርም አታልፈኝም። «መልአክ ነው፤ በአንቺ መልክ ተገልጦላት ነው» አለች።

«መልአክ ቆሎ ይሸጣል?»

«ምን ይታወቃል?» አለችና ሳቀች። ግን ደግ ናት፤ ፖርትላንድ የአክስቷ ልጅ አለች፣ ጠየቀችልኝ። ለካ እኛ የምንጠፋፋ ሕዝብ አይደለንም። በበጋ ከልጃቸው ጋር በየባሕር ዳሩ ከተማ እየዞሩ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚሸጡ እናት እንዳሉ፣ ስልካቸውም ምን እንደሆነ ሳምንት ሳይሞላ መልስ መጣ። ፎቶም ተልኮልኝ ነበር። አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው። እኔን ምናቸውም አይመስልም። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎኝ ብዙ አየና «ግንባራችሁ ይመሳሰላል» አለ። ልመታው ነበር።

ሃቫና ስትሪት በርበሬ ልገዛ ሄጄ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ ደወልኩላቸው።

«እማማ፣ አያውቁኝም። ከኮሎራዶ ነው የምደውለው።»

«ደኅና ነሽ ልጄ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አይደንግጡ።»

ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። ረጅም ሴት፣ ሽበቷን የጎነጎነች፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስል አቋረጡኝ።

«በስመ አብ! አስታወስኳት። ያቺ ድርቅ ያለችው? እንዴት እረሳታለሁ! ነፋሱ ድንኳኑን ሊወስደው እኔ ብረቱ ላይ ተንጠልጥያለሁ። የጎረቤቴ ተነቅሎ ሄዶ መኪና ላይ አርፏል። ልጄ መኪና ሊያመጣ ሄዷል። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሷ ፊቴ ተገትራ ቆሎውን በጣቷ ትነካካለች። አትገዛ፣ አትሄድ! እንግሊዝኛው ከየት ይምጣልኝ? ‹ጎ ሆም› አልኳት። አልሰማ ስትል ጮኽኩባት።»

«ሌላ ያሰቡት ነገር አልነበረም?»

«ብረቱ ግንባሯን እንዳይላት ነዋ ያሰብኩት። ምነው፣ ከሰሰችኝ እንዴ?»

እናቷ ዘንድ ሄዳ እንደታረቀች ነገርኳቸው። «እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም» አሉ ቀስ ብለው።

በርበሬውን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ። አሁን ማን እንደተናገራት አውቄያለሁ፣ ምን ሊሉ እንደፈለጉም አውቄያለሁ፤ ግራ መጋባቴ ግን ባሰበት። ባለቤቴ «አትንገሪያት፣ ያጽናናትን ነገር ለምን ትነጥቂያታለሽ?» አለ። ጓደኛዬ ደግሞ «እግዚአብሔር በነፋስም ይናገራል፣ ንገሪያት» አለች። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ሲመሽ የባለቤቴ ሐሳብ ይገዛኛል፣ ሲነጋ የእሷ። በየቅዳሜው ሴትዮዋ ስትመጣ የሌላ ሰው ድርሻ የሆነ እቅፍ የወሰድኩ ያህል እሸማቀቃለሁ።

ነገሩን የቆረጠችልኝ ራሷ ሴትዮዋ ናት። መስከረም ላይ መጥታ «በእናቴ የልደት ቀን ቤተሰቡ ይሰበሰባል። መጥተሽ ጥቂት ቃል ትናገሪልናለሽ» አለችኝ። ቤተሰብ ፊት ቆሜ? ስለማላውቃቸው እናት? ጭንቅላቴን ይዤ «ገበያው ሲዘጋ አንዴ ጠብቂኝ» አልኳት።

ባለቤቴ ድንኳኑን ሲያፈርስ እኛ ጠረጴዛው ጋ ቆምን። ለኦሪገኗ እናት ቪዲዮ ኮል አደረግኩ። ነግሬያቸው ስለነበር ነጠላቸውን ለብሰው፣ ተሰናድተው ጠብቀውኛል። ስልኩን ወደ ሴትዮዋ አዞርኩት።

«ያነጋገሩሽ እሳቸው ናቸው። እኔ ያን ባሕር አይቼው አላውቅም» አልኳት።

ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን። አንገቷ ድረስ ቀላች።

«በያት እስቲ» አሉኝ እማማ፣ «በነፋሱ ምክንያት ነው ያልኩሽ በያት። ውሸት ይዤ መሞት አልፈልግም።»

ተረጎምኩላት። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ነፋሱ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀች።

«ተቆጥተውኝ ነበር?»

«ተቆጥተዋት ነበር ወይ ትላለች» አልኳቸው።

«እንዴታ! በጣም እንጂ!»

ይኼን ስተረጉምላት ሳቀች። ሳቋ ከልቅሶ ጋር ተደባለቀና ጠረጴዛውን ይዛ ጎንበስ አለች። «ነፋስ መኖሩንማ እኔም አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ፀጉሬን ሲገርፈኝ ነበር። ግን እዚያ ከተማ ስኖር ሰው ሁሉ ጨዋ ነው፤ ደኅና ዋይ ብሎኝ ያልፋል። የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። እንደዚያ የምትጮኽብኝ እናቴ ብቻ ነበረች።»

ለእማማ መልሼ ስነግራቸው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። «እናቷ በዚህ ጸደይ ነው ያረፉት አልሽኝ? እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልሽ በያት።» ይኼን ወደ እንግሊዝኛ ማምጣት ከነፋሱ ይልቅ ከበደኝ። እንደምንም አልኩት። ምን ብዬ እንደተረጎምኩት አላስታውስም፤ ሴትዮዋ ግን ለስልኩ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች።

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ እየነዳ «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? አለቀ አይደል?» አለኝ። አላወቅኩትም። ቀልሎኛል፤ ደግሞ የሆነ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ። ያ እቅፍ የእኔ አልነበረም፤ ለካ ለምጄዋለሁ።

ሴትዮዋ በዚያው መኸር ኦሪገን ሄደች። እማማ የተነሱትን ፎቶ ላኩልኝ፤ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ የአንዷ ራስ ከሌላዋ ክንድ እምብዛም አይዘልም። በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ ስጠይቃቸው «ልጄ አለ፣ ሲደክመው ዝም እንላለን» አሉኝ። ለልደቱ ቀን የተጠየቅኩትን ንግግርም ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ በስልክ፣ በአማርኛ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ማን እንደተረጎመላቸው አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ አትመጣም ብዬ ነበር፤ ምን ልታደርግ ትመጣለች? የገበያው ወቅት ሊያበቃ ሲል ግን አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። አላቀፈችኝም። ጠረጴዛው ማዶ ቆማ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ አዲስ ሰው እንደምታይ አድርጋ አየችኝ።

«ምንም አትመሳሰሉም» አለች። አፍራለች። «እንዴት እንዲያ እንዳየሁሽ አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ባለቤቴ ግንባራችን ይመሳሰላል ይላል» አልኳት።

«አይመሳሰልም» አለች በቁም ነገር። ቆሎ ዘግና እየቆረጠመች «ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?» አለችኝ።

በጋውን ሙሉ እኔ አይደለሁም ስላት ኖሬያለሁ። እኔ ማን እንደሆንኩ ግን አዘጋጅቼ አልያዝኩም። ከየት ልጀምር? ደንበኛ ከመጣ ልተወው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም። «ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ነው የምሠራው» አልኳት፤ ያኔ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነበር። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለች።