የአያ ሞላ መነጽርና የእናቴ መሻገር

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ሜዳው ላይ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን ያረጀ የወታደር መነጽር ይሰበስቡ ነበር፤ ከወረታም ከአንበሳሜም ሰው ያመጣላቸዋል፣ የዛገውን፣ ማንገቻው የተበጠሰውን።

የእኛ አገር እርጥብ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይበቅላል። ማታ ማታ ኩራዙ ሲበራ ጭሱ ያለቀለትን ፍም በገል ያወጡና፣ የፈቱትን መስታወት ራቅ አድርገው እያሞቁ ያደርቁታል፣ አረቄ በነካ ጨርቅ ይወለውሉታል፣ እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ያወራል።

«ይህን የያዘው ጠባቂ ጦር መጣ ብሎ ሰፈሩን ቀሰቀሰ። ሁሉም ምሽግ ገባ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ፣ የመጣው የዝንጀሮ መንጋ! ፊት ፊት የሚሄደው ገመሬ፣ አውራው ዝንጀሮ፣ ሻምበል መስሎት ኖሯል።»

«አያ፣ ጠባቂው እርስዎ እንዳይሆኑ?» ትላለች እናቴ። እንስቃለን።

ጠግነው ሲጨርሱ በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ያዩበታል። መስቀሉ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንድ እስኪሆን ድረስ ትንሿን ብሎን ያዞራሉ።

አንድ ክረምት እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ወረታ ጤና ጣቢያ ሄደች። ስትመለስ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ከማዶ ቀረች። በእኛ አገር ውሃ የሚለካው በከብት ነው፤ የላም ጉልበት ላይ ከሆነ ሰው ይሻገራል፣ ሆዷን ከነካ ይቆማል። ከውሃው መሀል የጎረቤት ላም ቆማ ነበር። አያ ሞላ በመነጽሩ አዩና «ጉልበቷ ላይ ነው» ብለው ነይ ለማለት ጋቢያቸውን አወናጨፉላት። እናቴ ገባች። መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝ፣ ስትመጣ እንዳያት።

ላሟ የቆመችው ግን ውሃ በሸፈነው የሩዝ ማሳ ድንበር ላይ ነበር፣ ከፍ ያለው አፈር ላይ። ውሃው እናቴን ወገቧ ደረሰ፣ ከዚያ ደረቷ። ወንድሜን ከጀርባዋ ወደ ትከሻዋ ሳበችው። በመነጽሩ ፊቷን እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስለኛል። አፏ ይከፈታል፣ ድምጿ አይሰማም። «ሰጠመች!» ብዬ ጮህኩ። አያ ሞላ እንደለበሱ ውሃው ውስጥ ገቡ። ሳይደርሱላት እናቴ ላሟ ጋ ደርሳ ጭራዋን ያዘች፤ ላሟም ደንግጣ ወደ እኛ መንደር መዋኘት ጀመረች። አያ ሞላ መንገድ ላይ ተቀብለው ወንድሜን ወሰዱላት።

እናቴ ከልብሷ ውሃ እያንጠፈጠፈች «አያ፣ ዛሬም ገመሬውን ሻምበል አደረጉት!» አለቻቸው። ማንም አልሳቀም።

አያ ሞላ መጠገኑን አልተዉም። ግን ከዚያ ወዲያ ውሃ ሲሞላ መነጽሩን ሰቅለው፣ ረጅም ዱላ ይዘው፣ መጀመሪያ ራሳቸው ይገቡ ነበር።

አሁን ወረታ መገንጠያው አጠገብ ነው የምኖረው። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ አስፋልቱን ትሻገራለች፤ ባጃጁም የጭነት መኪናውም ይተራመሳል። ባሌ «ከደጅ ሆነሽ ታዪያት የለም እንዴ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ይለኛል። አዎ፣ አያታለሁ። ሹሩባዋ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታየኛል። ማየት አንድ ነገር ነው፤ መድረስ ሌላ። የያዝኩትን ሥራ ትቼ እከተላታለሁ።

«እማ፣ ተመለሽ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» ትለኛለች።

እሺ እላታለሁ፤ እጇን ግን የምለቀው ከተሻገርን በኋላ ነው።